ኤች-1ቢ፦ በቀጣሪ እጅ ያለው የሥራ ፈቃድ

ኤች-1ቢ የተማረ የውጭ አገር ባለሙያ በአሜሪካ ለተወሰነ ጊዜ እንዲሠራ የሚፈቅድ ቪዛ ነው። ቪዛው የሚለጠፈው በሠራተኛው ፓስፖርት ላይ ቢሆንም ማመልከቻው የሠራተኛው አይደለም። የሚያመለክተው ቀጣሪው ኩባንያ ነው፤ ሥራው ሲቋረጥ ለመንግሥት የሚያሳውቀውም እሱ ነው። ሠራተኛው ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ዕውቀት ሊኖረው፣ ሥራውም ይህንኑ ዲግሪ የሚጠይቅ ሊሆን ይገባል። ፈቃዱ እስከ 3 ዓመት ይሰጥና ሲታደስ 6 ዓመት ይደርሳል። ዛሬ ከሚጸድቁት ማመልከቻዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከኮምፒውተር ጋር ለተያያዘ ሥራ ናቸው፤ ከባለቪዛዎቹም ከ10ሩ 7ቱ ህንዳውያን ናቸው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ይህን አላሰቡትም ነበር። ቪዛው ዛሬ የያዘውን መልክ የያዘው ከ70 ዓመት በላይ በፈጀ ጊዜ፣ አንዱ ሕግ በሌላው ላይ እየተደረበ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቪዛው ሥር በ1952 የወጣው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ነው። ሴናተር ፓት ማካራንና የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ፍራንሲስ ዋልተር ያቀረቡትን ይህን ሕግ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን አልፈርምም ብለው ቢመልሱትም ኮንግረስ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጸደቀው። ትሩማን የተቃወሙት ሕጉ ስደተኛን በትውልድ አገሩ እየመጠነ የሚያስገባውን የቆየ ኮታ ስላላስቀረ ነበር። ለጊዜው ለሚመጡ ሠራተኞች ኤች የተባለው ምድብ የተከፈተው በዚያው ሕግ ነው። ከሥሩ ያለው ኤች-1 «የላቀ ብቃትና ችሎታ» ላላቸው ሰዎች የታሰበ ሲሆን የቁጥር ገደብ አልነበረውም። ይሁን እንጂ ሁለት ጥብቅ ቅድመ ሁኔታዎች ነበሩት፦ የሚሠራው ሥራ ራሱ ጊዜያዊ መሆን ነበረበት፤ ሰውየውም በአገሩ የማይተወው ቤት እንዳለው ማሳየት ነበረበት። ሠርቶ የሚመለስ እንግዳ እንጂ የሚቀር ሰው አልተፈለገም።

የትውልድ አገር ኮታው የቀረው በ1965 ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በነጻነት ሐውልት ግርጌ የፈረሙት ሕግ ለእስያ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች በር ከፈተ። በዚያን ጊዜ ወረፋው አጭር ስለነበር ብዙ ህንዳውያን መሐንዲሶች ለትምህርት መጥተው፣ ዲግሪያቸውን ይዘው፣ ሳይቆዩ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኙ ነበር። ኤች-1 የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነበር። በ1970 ሥራው ራሱ ጊዜያዊ ይሁን የሚለው ቅድመ ሁኔታ ለኤች-1 ተነሣ፤ ሠራተኛው ብቻ ጊዜያዊ ከሆነ በቂ ሆነ። አንድን ቋሚ የሥራ ቦታ በተከታታይ በሚለዋወጡ ጊዜያዊ ሰዎች መሙላት የተቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ለውጡ በወቅቱ ብዙም አላነጋገረም። ኋላ ከመጣው ነገር አንጻር ሲታይ ግን ከሁሉም ለውጦች ዋነኛው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሁሉ በዋሽንግተን ሲሆን ህንድ ውስጥ ሌላ ነገር ይበስል ነበር። ነጻነቷን ባገኘች በ4 ዓመቷ፣ በ1951፣ የመጀመሪያው የህንድ የቴክኖሎጂ ተቋም በካራግፑር ተከፈተ። ትምህርቱ የተጀመረው በቅኝ ግዛት ዘመን የፖለቲካ እስረኞች ይታጎሩበት በነበረው የሂጅሊ ማጎሪያ ሕንፃ ውስጥ ነበር። በቦምቤይ፣ በማድራስ፣ በካንፑርና በዴሊ ተመሳሳይ ተቋማት ተከተሉ። አገሪቱ በእንግሊዝኛ የተማረ መሐንዲስ በብዛት ማፍራት ጀመረች፤ ያንን ሁሉ ሰው የሚቀጥር ኢንዱስትሪ ግን አልነበራትም። በ1968 የተመሠረተው ታታ ኮንሰልታንሲ ሰርቪስስ ይህን ክፍተት ወደ ንግድ ለወጠው። የአሜሪካው የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም የአክሲዮን ድርሻውን ለህንዳውያን አላካፍልም ብሎ በ1978 ከአገሪቱ ሲወጣ የህንድ ባለሙያዎች የተለያየ ዓይነት ኮምፒውተር መልመድ ግድ ሆነባቸው፤ ይህም ኋላ በውጭ ገበያ ጠቀማቸው። በ1981 ናራያና ሙርቲ ከ6 ባልደረቦቻቸው ጋር በ250 ዶላር መነሻ ኢንፎሲስ የተባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ አቋቋሙ። በ1985 ደግሞ የአሜሪካው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በባንጋሎር የዲዛይን ማዕከል ከፍቶ በሳተላይት ከአሜሪካ ጋር አገናኘው።

በዚያን ጊዜ ሶፍትዌርን በመስመር መላክ የሚቻለው ለጥቂቶች ብቻ ስለነበር የሚላከው ሰው ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ የአሜሪካ ባንክ ያረጀ የሂሳብ ፕሮግራሙን ማስታደስ ይፈልጋል፤ ራሱ ሠራተኛ ከመቅጠር ይልቅ ከህንዱ ኩባንያ ጋር በሰዓት ሂሳብ ይዋዋላል። ኩባንያው ፕሮግራመሮቹን በራሱ ስም ቪዛ አውጥቶ ባንኩ ድረስ ይልካቸዋል። በባንኩ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው፣ የባንኩን አለቃ እየታዘዙ ይሠራሉ፤ ደመወዛቸው ግን የሚመጣው ከላካቸው ኩባንያ ነው። ባንኩ በሚከፍለውና ለሠራተኛው በሚደርሰው መካከል ያለው ልዩነት የላኪው ትርፍ ነው። የሙያው ሰዎች ይህን የሰው ኪራይ ይሉታል። ሠራተኛው ባንኩ ቢወደውና በቀጥታ ቢቀጥረው ደስ ባለው ነበር፤ ፈቃዱ ግን በላኪው እጅ ነው።

ዛሬ ኤች-1ቢ የሚባለውን ቪዛ የፈጠረው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ በኅዳር 1990 የፈረሙት ሕግ ነው። ሕጉ ከአሮጌው ኤች-1 ውስጥ አርቲስቶችን፣ ስፖርተኞችንና ዝነኛ ሰዎችን አውጥቶ ወደ ሌሎች ምድቦች ላካቸው። ነርሶች አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የራሳቸውን ምድብ አግኝተው ነበር። የቀረው ለ«ልዩ ሙያ» ሆነ፤ ይኸውም ዲግሪ ለሚጠይቅ ማንኛውም ሥራ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዓመት 65,000 የሚል ጣሪያ ተበጀለት። በአገሬ የማልተወው ቤት አለኝ ብሎ የማስረዳቱ ግዴታ ተነሣ፤ ስለዚህ ሠራተኛው በጊዜያዊ ቪዛ እየሠራ ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት ቻለ። እንግዳው መቅረትን ተስፋ ማድረግ ተፈቀደለት። ለመቅረት ግን የቀጣሪው ፊርማ ያስፈልገዋል፤ ግሪን ካርድ የሚባለውን ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ በሥራ በኩል የሚያስጀምረውም ያው ቀጣሪ ነውና።

የአሜሪካን ሠራተኛ ለመጠበቅ ሕጉ ያኖረው አጥር አንድ ወረቀት ነበር። ቀጣሪው ለሠራተኛ መሥሪያ ቤት በሚያስገባው ቅጽ ላይ የሥራውን መጠሪያ፣ ቦታውን፣ የሚፈልገውን ሰው ብዛትና ደመወዙን ይሞላል። ለተመሳሳይ ሠራተኞቹ የሚከፍለውን ወይም በአካባቢው የተለመደውን ደመወዝ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ እንደሚከፍል ያረጋግጣል። ማስታወቂያውንም በሥራ ቦታው በግልጽ በሚታዩ ሁለት ቦታዎች ለ10 ቀን ይለጥፋል። መሥሪያ ቤቱ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ የሚመረምረውም ቅጹ በትክክል መሞላቱንና ግልጽ ስህተት አለመኖሩን ብቻ ነው። ቀጣሪው አስቀድሞ አሜሪካዊ ሠራተኛ ፈልጎ እንዲያጣ አይጠየቅም። ብዙ አሜሪካውያን ይጠየቃል ብለው ያምናሉ፤ ያ ግዴታ ያለው ግን በግሪን ካርዱ ሂደት ላይ እንጂ በኤች-1ቢ ላይ አይደለም። «የአካባቢ ደመወዝ» የሚባለው ራሱ በ2004 ሕግ በ4 ደረጃ ተከፈለ። ታችኛዎቹ ሁለቱ ደረጃዎች ከሙያው መካከለኛ ደመወዝ በታች ነበሩ። ሕጉን ሳይጥስ ከገበያው በታች መክፈል የሚቻልበት መንገድ ይኸው ነው።

ያው የ1990 ሕግ ኢትዮጵያውያን በሚገባ የሚያውቁትን ሌላ በር ከፍቷል። ዲቪ የተባለው የዕጣ ፕሮግራም የተፈጠረበት ሕግ እሱ ነው። ከ1995 ጀምሮ በዓመት 55,000 ቪዛ ወደ አሜሪካ ጥቂት ሰው ለላኩ አገሮች እንዲሰጥ ተደነገገ፤ ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንሥቶ ብዙ ዕድለኞች ካገኙ የአፍሪካ አገሮች አንዷ ሆነች። የሁለቱ በሮች ጠባይ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ዲቪ የደረሰው ሰው 12ኛ ክፍል መጨረሱ ወይም የ2 ዓመት የሙያ ልምዱ ይበቃዋል። ሲገባ ግሪን ካርድ በእጁ ነው፤ ዛሬ ፓርኪንግ፣ ነገ ሆስፒታል፣ ከነገ ወዲያ የራሱ ሱቅ ቢሠራ የሚጠይቀው የለም። የሚጠብቀው ሥራ ግን የለውም፤ ከአዲስ አበባ ይዞት የሄደውን የምህንድስና ዲግሪ የሚቆጥርለት ቀጣሪ እስኪያገኝ ታክሲ ሲነዳ የሚከርም ብዙ ነው። ኤች-1ቢ ያገኘው ህንዳዊ ከሙያው ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ይቀመጣል፤ ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥቶ እንደፈለገ መሄድ ግን አይችልም። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ኤች-1ቢ ብዙ ሳይለመድ የቀረበት አንዱ ምክንያት የዲቪ፣ የቤተሰብና የጥገኝነት መንገዶች መኖራቸው ነው፤ ሌላው እንደ ህንዶቹ ያለ ላኪ ኩባንያ በአገር ቤት አለመፈጠሩ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ 65,000ው ጣሪያ አይሞላም ነበር። ነገሩን የለወጡት ኢንተርኔትና የ2000 ዓመት ስጋት ናቸው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተጻፉ የባንክ፣ የኢንሹራንስና የመንግሥት ፕሮግራሞች ዓመትን የሚመዘግቡት በሁለት አኃዝ ብቻ ስለነበር 2000 ሲገባ ከ1900 ጋር እንዳይምታቱ ተፈራ። ኮቦል በተባለው ያረጀ ቋንቋ የተጻፈን ፕሮግራም መስመር በመስመር አንብቦ የሚያርም ሰው በብዛት አስፈለገ። አሜሪካ ውስጥ ወጣቶቹ ወደ ኢንተርኔት ኩባንያዎች ሲሮጡ ኮቦል የሚያውቁ የህንድ ፕሮግራመሮች በአውሮፕላን እየመጡ ይህን አሰልቺ ሥራ ጨረሱት። ጣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ የሞላው በ1997 የበጀት ዓመት ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ገና በግንቦት ሞላ።

ሰው አለ የለም የሚለው ክርክር የተነሣው ያኔ ነው። የአሜሪካ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ማኅበር በ1998 መጀመሪያ 346,000 የሥራ ቦታ ክፍት ነው የሚል ጥናት አወጣ። የኮንግረስ የሂሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት ግን ለእነዚህ ጥናቶች መልስ የሰጡት ኩባንያዎች ጥቂት ስለሆኑ በቁጥሩ መደምደም አይቻልም አለ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ኖርማን ማትሎፍ በምክር ቤት ቀርበው የሰው እጥረት የሚባለው ተረት ነው፤ ኩባንያዎቹ ከ40 ዓመት በላይ የሆኑትን ፕሮግራመሮች እየገፉ ወጣትና ርካሽ ሰው ይፈልጋሉ ሲሉ ተከራከሩ። ኮንግረስ ኩባንያዎቹን ሰማ። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በ1998 በፈረሙት ሕግ ጣሪያው ለጊዜው ወደ 115,000 ከፍ አለ፤ በ2000 ደግሞ ለ3 ዓመት 195,000 ሆነ። ዩኒቨርሲቲዎችና ለትርፍ ያልቆሙ የምርምር ተቋማት ከጣሪያው ውጭ ሆኑ። ለሠራተኛውም የሚበጁ ሁለት አንቀጾች ገቡ፦ አዲስ ቀጣሪ ሲያመለክትለት የመልሱን ቀን ሳይጠብቅ መዛወር ቻለ፤ ግሪን ካርዱ በሂደት ላይ ከሆነም ከ6 ዓመት በላይ ማራዘም ተፈቀደለት።

የ1998ቱ ሕግ ከሠራተኞቻቸው 15 በመቶና ከዚያ በላይ በኤች-1ቢ የያዙ ትልልቅ ኩባንያዎች አሜሪካዊን እንዳያፈናቅሉና አስቀድመው አሜሪካዊ እንዲፈልጉ አስገድዶ ነበር። ግን አንድ ቀዳዳ ተወ። ለውጭ ሠራተኛው በዓመት 60,000 ዶላር ከተከፈለ ወይም ሁለተኛ ዲግሪ ካለው ግዴታው ይቀራል። በ1998 ይህ ደህና ደመወዝ ነበር። ገንዘቡ በየዓመቱ ዋጋ ሲያጣ ቁጥሩ ሳይነካ ቆየ፤ ሩብ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላም በሕጉ ላይ ያለው ያው 60,000 ነው። ቁጥሩን ከኑሮ ውድነቱ ጋር ማያያዝ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚፈጅ ሥራ ነበር። አለማያያዙ ከቪዛው ታሪክ ከፍተኛ ዋጋ ያስከፈለ ቸልተኝነት ሆኗል።

የአክሲዮን ገበያው ናስዳክ በመጋቢት 2000 ጫፍ ደርሶ ሲወርድ የኢንተርኔት ኩባንያዎች በየተራ ተዘጉ። 195,000 ቪዛ ክፍት በነበረባቸው በ2002 እና በ2003 የበጀት ዓመታት ከግማሹ በታች ነው የተወሰደው። ሥራ ያጣ አሜሪካዊ ፕሮግራመር የሥራ አጥ አበል ሲያመለክት ሥራ ያጣው ባለቪዛ ግን አገር ለቆ የመውጣት ግዴታ ነበረበት። ኮንግረስ ጣሪያውን አላራዘመውምና በ2004 የበጀት ዓመት ወደ 65,000 ተመለሰ፤ ከዚያ ውስጥ 6,800ው በነጻ ንግድ ስምምነት ለቺሊና ለሲንጋፖር ተይዟል። በ2004 መጨረሻ በአሜሪካ ሁለተኛ ዲግሪ ለያዙ 20,000 ተጨመረ። በየዓመቱ የሚሰጠው 85,000 ቪዛ የመጣው ከዚህ ነው። ኢንዱስትሪው ሲያድግ ቁጥሩ አላደገም።

ጠባቡ በር ወደ ዕጣ አመራ። በሚያዝያ 2007 ማመልከቻ መቀበል በተጀመረ በሁለት ቀን ውስጥ ከ120,000 በላይ ፖስታ ስለመጣ መንግሥት ዕጣ አወጣ። በቀጣዩ መጋቢት የማይክሮሶፍት መሥራች ቢል ጌትስ በኮንግረስ ቀርበው ባለሙያ እየተመለሰብን ነው ብለው አቤት አሉ፤ ማይክሮሶፍት አስቀድሞ ከድንበሩ ማዶ፣ በቫንኩቨር አካባቢ፣ ቪዛ ያጡ ባለሙያዎቹን የሚያስቀምጥበት ማዕከል ከፍቶ ነበር። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ፍላጎቱ ለጥቂት ዓመታት ቀዝቅዞ እንደገና ናረ። በ2020 ማመልከቻው በኢንተርኔት በ10 ዶላር የሚሞላ አጭር ምዝገባ ሲሆን አንድን ሰው በብዙ ኩባንያ ስም ማስመዝገብ ቀለለ። በ2023 የጸደይ ምዝገባ የመጣው 780,884 ሲሆን ከግማሽ በላዩ ከአንድ ጊዜ በላይ የተመዘገቡ ሰዎች ነበር። አንዳንድ አነስተኛ አቅራቢ ኩባንያዎች ተመካክረው የአንድን ሰው ዕድል እያበዙ በአንድ ስም ብቻ የተመዘገበውን ሐቀኛ አመልካች ወደ ኋላ አስቀሩት። በቀጣዩ ዓመት ዕጣው በምዝገባ ብዛት ሳይሆን በሰው እንዲሆን ተደረገ፤ ቁጥሩም ወደ 480,000 ወረደ።

ዕጣ የደረሰውን ሰው ሌላ ወረፋ ይጠብቀዋል። ለሥራ የሚሰጠው ግሪን ካርድ የትዳር ጓደኛና ልጆች ተቆጥረው በዓመት 140,000 ሲሆን ከአንድ አገር የሚመጡት ከ7 በመቶ እንዳይበልጡ ተወስኗል። ይህ ገደብ ለኢትዮጵያዊው ምንም አይደለም፤ ከባለቪዛዎቹ 70 በመቶ ለሆኑት ህንዳውያን ግን ወረፋውን በአሥርት ዓመታት የሚቆጠር አደረገው። ሰውየው በየ3 ዓመቱ እያሳደሰ ይጠብቃል። አሜሪካ የተወለደው ልጁ ዜጋ ነው፤ ከህንድ አዝሎት የመጣው ልጁ ግን 21 ሲሞላው ከአባቱ ማመልከቻ ይወጣል። ቀጣሪ ሲቀይር የግሪን ካርዱ ሂደት አብዛኛው እንደ አዲስ ስለሚጀመር ብዙዎች የተሻለ ደመወዝ ሲቀርብላቸው እምቢ ብለው ካሉበት ይቆያሉ። ሠራተኛው በሕግ ነጻ ነው፤ በተግባር ግን ደመወዙን ለመደራደር ያለው ብቸኛ አቅም፣ ማለትም ጥሎ መሄድ፣ ተወስዶበታል። ለአጠገቡ ለተቀመጠው አሜሪካዊም ይህ ደግ ነገር አይደለም፤ መደራደር የማይችል ሰው አጠገብ ሆኖ መደራደር ከባድ ነውና። የውጭ ሠራተኛ ቪዛ በቴክኖሎጂ ሥራ ላይ ያደረሰው ጫና የመጣው ከሰዎቹ ብዛት ይልቅ ከዚህ ማሰሪያ ነው።

የማሰሪያው እንግዳነት ኋላ የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስፈጻሚ በሆኑት በሳቲያ ናዴላ ላይ ይታያል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወጣት መሐንዲስ ሳሉ ግሪን ካርድ ነበራቸው። አኑን ሲያገቡ ግን የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስቱን ለማምጣት ዓመታት መጠበቅ እንዳለበት አወቁ፤ ኤች-1ቢ የያዘ ሰው ግን ሚስቱን ወዲያው ማምጣት ይችላል። ስለዚህ በ1994 ዴሊ ወዳለው የአሜሪካ ኤምባሲ ሄደው፣ ሰው ሁሉ የሚመኘውን ግሪን ካርድ መልሰው፣ ጊዜያዊውን ቪዛ ጠየቁ። በመሥሪያ ቤታቸው «ግሪን ካርዱን የመለሰው ሰውዬ» ተብለው ታወቁ። አኑ መጡ፤ ናዴላም ወረፋውን እንደገና ጀመሩት። የተሳካላቸው ወረፋው አሁን ያለበት ደረጃ ላይ ሳይደርስ በመሆኑ ነው። ከኤች-1ቢ ሠራተኛ ጋር የሚመጡ ሚስቶችና ባሎች ራሳቸው መሥራት የተፈቀደላቸው በ2015 ነው፤ እሱም ግሪን ካርድ በመጠበቅ ላይ ላሉት ቤተሰቦች ብቻ።

አሜሪካውያንን ያስቆጡት ታሪኮች የመጡት ከዚሁ ዘመን ነው። በኦርላንዶ የዋልት ዲስኒ ድርጅት በ2014 መጨረሻ 250 ለሚያህሉ የኮምፒውተር ሠራተኞቹ ሥራቸው ለአንድ የውጭ ኮንትራክተር እንደሚተላለፍ ነገራቸው። የስንብት ክፍያቸውን ሙሉ ለሙሉ ለማግኘት የሚተኳቸውን ሰዎች ማሠልጠን ነበረባቸው። ለ3 ወር ያህል ተተኪዎቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ዓመታት የገነቡትን ሥርዓት አንድ በአንድ አሳዩ። በካሊፎርኒያም ሳዘርን ካሊፎርኒያ ኤዲሰን የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ በዚያው ሰሞን የብዙ መቶ ሠራተኞቹን ሥራ ለታታና ለኢንፎሲስ አስተላለፈ። የዲስኒ ሠራተኞች ፍርድ ቤት ቢሄዱም አልተሳካላቸውም። ቀጣሪያቸው ዲስኒ ነው፤ ቪዛውን ያወጣው ኮንትራክተሩ ነው፤ ኮንትራክተሩ ደግሞ የራሱን ሠራተኛ አላፈናቀለም። የ60,000ው ቀዳዳም በሕግ በኩል ያለውን ጥበቃ አላልቶት ነበር። ሰዎቹ የተሰማቸው ውርደት እውነተኛ ነው፤ ጥፋቱን በተተኪዎቹ ላይ ማሳበብ ግን ትክክል አይሆንም፤ እነሱም የተላኩበትን ቦታ አልመረጡም።

በሥራና በደመወዝ ላይ የደረሰውን ውጤት ለመለካት የሞከሩ ምሁራን ያገኙት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። ጆን ባውንድ፣ ጋውራቭ ካናና ኒኮላስ ሞራሌስ ከ1994 እስከ 2001 ያለውን ዘመን አጥንተው፣ የውጭ ባለሙያ ባይመጣ ኖሮ የአሜሪካውያን የኮምፒውተር ባለሙያዎች ደመወዝ ከ2.6 እስከ 5.1 በመቶ ይበልጥ እንደነበር ገምተዋል፤ በዚያው ልክ ግን ሸማቹ በርካሽ ዕቃ፣ ኩባንያዎቹም በትርፍ ተጠቅመዋል። ጆቫኒ ፔሪና ባልደረቦቻቸው የውጭ ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች በበዙባቸው የአሜሪካ ከተሞች ዲግሪ ያላቸው የአገሬው ሠራተኞች ደመወዝ ከፍ ማለቱን አሳይተዋል። ኪርክ ዶራንና ባልደረቦቻቸው በዕጣ ያሸነፉና የተሸነፉ ኩባንያዎችን ሲያነጻጽሩ ቪዛ ማግኘቱ የፈጠራ መብት ምዝገባቸውን ጉልህ በሆነ ሁኔታ እንዳልጨመረና ሌላ ሊቀጠር የሚችልን ሰው እንደተካ አገኙ። ውጤቶቹ የሚጋጩ የሚመስሉት ቪዛው ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሚያገለግል ነው። በአንድ በኩል ከስታንፎርድ የተመረቀ ተመራማሪ አዲስ ምርት ይዞ ይመጣል፤ በሌላ በኩል የኪራይ ፕሮግራመር ነባሩን ሥራ በቅናሽ ይረከባል። ሁለቱን ቪዛው አይለያቸውም፤ ዕጣውም ለብዙ ዓመታት አልለያቸውም።

በሩን ማጥበብ ሥራውን አገር ውስጥ እንዳላስቀረውም ታይቷል። ብሪታ ግሌነን ጣሪያው በ2004 ሲወርድ ብዙ ተመራማሪ የሚቀጥሩ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች በህንድ፣ በቻይናና በካናዳ ያሉ ቅርንጫፎቻቸውን ማስፋፋታቸውን አሳይተዋል። የሰው ኪራይ ኩባንያዎቹም ለውጠዋል። አሜሪካ ሄዶ ሙያውንም ደንበኛውንም ያወቀ ሰው ባንጋሎርና ሃይደራባድ ተመልሶ ቡድን መሠረተ፤ ተስፋ አድርገው ኮምፒውተር ሳይንስ ተምረው ዕጣ ያልደረሳቸው በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ደግሞ ህንድ ውስጥ ቀሩ። ቪዛውን ለማግኘት የተማሩት ትምህርት የህንድን የሶፍትዌር ኤክስፖርት ገነባ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ አናሊ ሳክሴኒያን በ1999 ባወጡት ጥናት ከ1980 እስከ 1998 በሲሊከን ቫሊ ከተመሠረቱት የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሩብ ያህሉ የሚመሩት በህንዳውያንና በቻይናውያን መሆኑን አሳዩ። አብዛኞቹ የመጡት በቀድሞው፣ ወረፋው አጭር በነበረበት ዘመን ነው። የዛሬው ባለቪዛ የራሱን ኩባንያ ላቋቁም ቢል ፈቃዱ ነገሩን ያከብድበታል።

ከ2017 ወዲህ ቪዛው የሚመራው በፕሬዚዳንቶች ትእዛዝ ነው ማለት ይቻላል። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በሚያዝያ 2017 በዊስኮንሲን አንድ የመሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ የአሜሪካ ዕቃ ግዙ፣ አሜሪካዊ ቅጠሩ የሚለውን ትእዛዝ ፈረሙ። አዲስ ማመልከቻ ውድቅ የሚደረግበት መጠን በ2015 የበጀት ዓመት ከነበረው 6 በመቶ በ2018 ወደ 24 በመቶ ወጣ፤ የኪራይ ኩባንያዎች ከሁሉ በላይ ተጎዱ። በሰኔ 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አዲስ ባለቪዛ እንዳይገባ ታገደ። በ2022 እና በ2023 ትልልቆቹ ኩባንያዎች በአሥር ሺዎች ሲያሰናብቱ፣ የተሰናበተ ባለቪዛ ከ2017 ጀምሮ በተሰጠው የ60 ቀን ጊዜ ውስጥ አዲስ ቀጣሪ ማግኘት ወይም አገር መልቀቅ ነበረበት፤ ቤት የገዛ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያስገባ፣ ከ10 ዓመት በላይ የኖረ ሰው ጭምር። ካናዳ ይህን አይታ በሐምሌ 2023 ለ10,000 የአሜሪካ ኤች-1ቢ ባለቤቶች ቀጣሪ የማይጠይቅ የሥራ ፈቃድ ስታቀርብ በሁለት ቀን ውስጥ ሞላ።

በመስከረም 2025 ትራምፕ በፈረሙት አዋጅ ቀጣሪው ለአዲስ የኤች-1ቢ ማመልከቻ 100,000 ዶላር እንዲከፍል ተደነገገ፤ አዋጁ ሲወጣ የተቀመጠለት ጊዜ 12 ወር ነበር። ዜናው ዓርብ ማታ ሲሰማ ኩባንያዎች ለዕረፍት የወጡ ሠራተኞቻቸው እሑድ ሳይገባ እንዲመለሱ መልእክት ላኩ። ቅዳሜ ዕለት መንግሥት ክፍያው ቪዛ ያላቸውን እንደማይነካ አስታወቀ። በጥቅምት በወጣው ማብራሪያ መሠረት ክፍያው የሚመለከተው በዋናነት ከአገር ውጭ ላሉ ሰዎች የሚቀርበውን ማመልከቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተምሮ፣ ከምረቃ በኋላ ለሳይንስና ለምህንድስና ተማሪዎች እስከ 3 ዓመት በሚደርሰው የልምምድ ፈቃድ እየሠራ ቪዛውን እዚያው የሚቀይር ተማሪ ከክፍያው ነጻ ነው። በዚህ መንገድ ከሚያልፉት መካከል በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ከባንጋሎር በቀጥታ ሰው ለሚልከው ኩባንያ ግን የአንድ ሠራተኛ ማስገቢያ ከራሱ ከሠራተኛው የዓመት ደመወዝ ጋር የሚተካከል ወይም የሚበልጥ ሆኗል።